ፈረሱ ምን አጠፋ?

ውድ እህቶቼ፣ በጅዳም በመካም በየሰው ቤት ተበትናችሁ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጥያቄ ስለ ፈረስ ነው። «ምነው እቴ፣ የሰው ጉዳይ አልቆ ነው ወይ ስለ ፈረስ የምናወራው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የኛው ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ፈረስ ባለ በሌለ ኃይሉ ሮጦ አንደኛ ወጣ። ቆይቶ ግን ያሠለጠነው ሰው አጭበርባሪ መሆኑ ታወቀ። ታዲያ ፈረሱ ድሉን ይነጠቅ ወይስ አይነጠቅ? ቢነጠቅስ ፍትሕ ነው ወይስ ግፍ? ይህ እንቆቅልሽ አይደለም፤ እዚሁ ሳዑዲ ውስጥ በእውነት የሆነ ነገር ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የዚህ አገር ሰው ፈረስ እንደሚወድ እናንተም ታውቃላችሁ። በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር ሪያድ በሚገኘው በንጉሥ አብዱልአዚዝ የፈረስ መሮጫ «የሳዑዲ ዋንጫ» የሚባል ውድድር ይደረጋል። የተጀመረው በ2020 ነው። ያን ዕለት በየሳሎኑ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ እኛም ሻይና ቴምር ስናቀርብ ጎን ለጎን እናየዋለን። ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ውድድሩ ወደ ጣኢፍ ይዞራል፤ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ጣኢፍ የምትወጡ እህቶች በአል-ሐዊያ በኩል ያለውን ሜዳ ሳትሰሙት አትቀሩም። በሳዑዲ ዋንጫ የሚሮጡት ቶሮብሬድ የሚባል ዘር ናቸው። ይህን ዘር ያወጡት እንግሊዞች ናቸው፤ ነገር ግን የዛሬዎቹ ቶሮብሬዶች በሙሉ በአባት በኩል ሲቆጠሩ ከምሥራቅ በተወሰዱ ሦስት ድንጉላ ፈረሶች ላይ ይደርሳሉ። አንደኛው በ1704 ከሶርያ ከሐለብ ከተማ የተወሰደ የዐረብ ፈረስ ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካና አውሮፓ የሚወለድ ቶሮብሬድ ሁሉ፣ በማንኛውም ወር ይወለድ፣ ዕድሜው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው። በግንቦት የተወለደውም በመጋቢት የተወለደውም በወረቀት ላይ ልደታቸው አንድ ቀን ነው። እስቲ አሁን ፓስፖርታችሁን ገልጣችሁ እዩት። ከመካከላችን ጃንዋሪ 1 ያልተወለደች ስንት አለች? እናቶቻችን የወለዱን በመስቀል ማግስት ወይም በረመዳን ነው፣ ወረቀቱ ግን ሁላችንንም በአንድ ቀን ወልዶናል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ ፈረሱ እንሂድ። ስሙ ማክሲመም ሴኪዩሪቲ ይባላል። «እጅግ የጠበቀ ጥበቃ» እንደ ማለት ነው። ባለቤቶቹ ጋሪ ዌስትና ሜሪ ዌስት የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ነበሩ። በዲሴምበር 2018 ፍሎሪዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ የተሰለፈው «የፈለገ ሰው በ16 ሺህ ዶላር ይግዛው» በሚባልበት ተራ ውድድር ነው። የገዛው አልነበረም። እሱ ግን ሁሉንም ጥሏቸው አንደኛ ወጣ። ከዚያ እያሸነፈ እያሸነፈ ሜይ 4 ቀን 2019 የአሜሪካ ትልቁ ውድድር ላይ፣ ኬንታኪ ደርቢ ላይ ደረሰ። እዚያም መስመሩን ቀድሞ አለፈ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ጋላቢው ሉዊስ ሳኤዝ ደስታውን መግለጽ ጀመረ። ዳኞቹ ግን ቆይ አሉ። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከመስመሩ ወጣ ብሎ የሌሎቹን መንገድ ዘግቷል ተባለ። 22 ደቂቃ ያህል ፊልሙን መላልሰው አዩና ከአንደኛ አውርደው 17ኛ አደረጉት። ድሉ ማንም ላልገመተው ካንትሪ ሀውስ ለሚባል ፈረስ ተሰጠ። በሜዳ ላይ በሠራው ጥፋት ከኬንታኪ ደርቢ አንደኝነት የወረደ ፈረስ ከዚያ በፊት አልነበረም። ባለቤቶቹ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፤ አልተሳካላቸውም።

ፈረሱ ግን ወዲያው ተመልሶ ሮጠ። በዚያው ዓመት ሌሎች ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፎ፣ ከሦስት ዓመት ወንድ ፈረሶች የ2019 የአሜሪካ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። ከዚያ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ሪያድ መጣ። የመጀመሪያው የሳዑዲ ዋንጫ ነበር፤ ሩጫው 1,800 ሜትር፣ ጠቅላላ ሽልማቱ 20 ሚሊዮን ዶላር፣ የአንደኛው ብቻ 10 ሚሊዮን ዶላር። በዓለም ላይ ያን ያህል ገንዘብ የቀረበበት የፈረስ ውድድር አልነበረም። ማክሲመም ሴኪዩሪቲ ሚድናይት ቢዙ የምትባለውን ባዝራ በጥቂት ቀድሞ ገባ። የሁለቱም ጋላቢዎች ከተፈቀደው በላይ በአለንጋ በመግረፋቸው ተቀጥተዋል። ስለዚህ ሁለቱም ሮጠው ብቻ ሳይሆን ተገርፈውም ነው የገቡት።

አሥር ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ ማርች 9 ቀን፣ የአሜሪካ መንግሥት የፈረሱን አሠልጣኝ ጄሰን ሰርቪስን ከብዙ ሰዎች ጋር ከሰሰው። ክሱ በአጭሩ ለፈረሶች የተከለከለ መድኃኒት በስውር ይሰጣሉ የሚል ነው፤ ማክሲመም ሴኪዩሪቲም ከተሰጣቸው አንዱ መሆኑ በክሱ ተጽፏል። የሳዑዲው የፈረስ ውድድር ክለብ የአንደኛውን ሽልማት ያዘው። ሰውዬው በ2022 ጥፋቱን አመነ፣ በ2023 የአራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በመጨረሻ በ2024 ክለቡ የማክሲመም ሴኪዩሪቲን ድል ሰረዘና አንደኝነቱን ለሚድናይት ቢዙ ሰጠ። እንግዲህ ይህ ፈረስ በአሜሪካ ትልቁን ውድድር፣ በሳዑዲ ትልቁን ውድድር ቀድሞ ገብቶ፣ ሁለቱንም ተነጠቀ። እንደ ስሙ ሁሉን የሚጠብቅ ሳይሆን የሚጠብቀው ያጣ ሆነ።

ይህን ታሪክ ባንድ ዓርብ ቡና ላይ ባወራው ጊዜ እህቶች ለሁለት ተከፈሉ። አንዷ «ኧረ ግፍ ነው! ፈረሱ ምን አጠፋ? መርፌውን እሱ ነው የወጋው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው» አለች። ሌላዋ «በተበላሸ ነገር የተገኘ ሁሉ የተበላሸ ነው፣ ሐራም ነው፣ መነጠቁ ልክ ነው» አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ ሁለቱም አንድ ነገር ሳይለዩ መናገራቸው ነው።

መጀመሪያ የሁለተኛዋን እንይ። ድሉ መሰረዝ ነበረበት ወይ? እኔ አዎ እላለሁ። ምክንያቱም ሩጫ ብቻህን የምትሮጠው አይደለም። ከኋላ ሚድናይት ቢዙ ነበረች። አንደኝነት ለአንዱ ከተሰጠ ከሌላው ተወስዶ ነው። በኛም አገር አይተነዋል። በ2008 የቤይጂንግ ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር መሠረት ደፋር ሦስተኛ ሆና ነሐስ ወሰደች። ከፊቷ የገባችው ለቱርክ የሮጠችው ሯጭ ከዓመታት በኋላ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ውጤቷ ሲሰረዝ ብሩ ለመሠረት ተላለፈ። ዘግይቶም ቢሆን ተገቢ ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የሚያሳዝነው ሚድናይት ቢዙ አንደኝነቷ ሲታወጅ ሩጫ ካቆመች ዓመታት አልፈው ነበር።

ማጭበርበር በጊዜ ካልታረመ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ዐረቦቹ ራሳቸው የሚተርኩት ነገር አለ። ከእስልምና በፊት አብስና ዙብያን የሚባሉ ዘመዳማች ጎሳዎች በፈረስ ተወራረዱ ይባላል። ፈረሱ ዳሒስ፣ ባዝራዋ አል-ገብራ ይባሉ ነበር። ዳሒስ እየመራ ሳለ መንገድ ዳር ያደፈጡ ሰዎች አስደነበሩት፣ ተቀደመ። ዳኝነት ጠፋና ጠቡ ወደ ደም ዞረ፤ ጦርነቱ 40 ዓመት ቆየ ይላሉ። እስከ ዛሬም የሚጠራው በሁለቱ እንስሳት ስም ነው፤ «የዳሒስና የአል-ገብራ ጦርነት» ይባላል። ልብ በሉ፤ ያጭበረበሩት ሰዎች፣ የተገዳደሉት ሰዎች፣ ስሙ የቀረው ግን በፈረሶቹ ላይ።

በዚያው ጦርነት ስሙ የገነነው ጀግና ማን ይመስላችኋል? ዐንተራ ነው። እናቱ ዘቢባ የምትባል የሐበሻ ባሪያ ነበረች። አባቱ የአብስ ሰው ሆኖ ሳለ የባሪያ ልጅ ነው ብሎ ልጄ አላለውም ነበር። ልጁ በፈረስ ላይ ሆኖ ጎሳውን ሲያድን ነው ልጄ ያለው። የዐንተራ ግጥም መካ ውስጥ በካዕባ ላይ ተሰቅለው ነበር ከሚባሉት ሰባት ግጥሞች አንዱ ነው። ጉልበቱን ሁሉም ይፈልገው ነበር፣ ስሙን ግን ለመስጠት ሲሆን ዘገዩ። የአንድ የኛ አገር ሴት ልጅ ታሪክ ነውና መካ ያላችሁ እህቶች በተለይ አስታውሱት።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ እህት ልመለስ። ፈረሱ ምን አጠፋ? ምንም። ሽልማት መነጠቅ አንድ ነገር ነው፣ ጥፋተኛ መባል ሌላ ነገር ነው። ዋንጫው ወደሚገባት ቢሄድ ፍትሕ ነው። ግን ከዚያ አልፎ «አጭበርባሪ ፈረስ» ማለት ግፍ ነው፤ ምክንያቱም ፈረስ ተጠይቆ አልተወጋም። ሮጧል፣ አልቦታል፣ ተገርፏል፤ ይህን ማንም ዳኛ ሊሰርዘው አይችልም። ከዚያ አሠልጣኝ እጅ ወጥቶ ለሌላ ከተሰጠ በኋላም በ2020 ካሊፎርኒያ ላይ ሁለት ትልልቅ ውድድሮችን አሸንፏል። ቢያንስ እግሩ የራሱ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ሐሳቤ። ሽልማትና ደመወዝ አንድ አይደሉም። ሽልማት የሚገኘው ከሌላው በመብለጥ ነው፣ ስለዚህ መብለጡ በማጭበርበር ከሆነ ይመለሳል። ደመወዝ ግን ከማንም በመብለጥ የሚገኝ አይደለም። ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ዕዳ ነው። ወለሉ ከታጠበ ታጥቧል። ልጁ ካደገ አድጓል። የበላ ሰው ሆዱን መልሶ ባዶ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ሽልማት ሊሰረዝ ይችላል፣ ደመወዝ ግን አይሰረዝም። ከብሳውን እኔ ሠርቼ እንግዶቹ ማዳሜን «እጅሽ ይባረክ» ቢሏት አይከፋኝም፤ ምስጋናው እንደ ዋንጫው ነው፣ ለባለቤት ይሂድ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን የእጄን ዋጋ ስጡኝ ብል የምለምነው ምስጋና ሳይሆን ዕዳዬን ነው። ደመወዝ መከልከል ኃጢአት መሆኑን ሼኹም ቄሱም ያስተምራሉ፤ በዚህ አይለያዩም።

ለምን ይህን እንደምለይ ልንገራችሁ። ከመካከላችን አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን አልጽፍም። ከአገር ስትወጣ ገና ልጅ ነበረች። ደላላው ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋን ጨምሮ ጃንዋሪ 1 የተወለደች አደረጋት። እሷ የተጠየቀችው «ስንት ዓመትሽ ነው ሲሉሽ እንዲህ በይ» ተብላ ብቻ ነው። መጥታ አንድ ቤት ሁለት ዓመት ሠራች፤ ሽማግሌ አገላበጠች፣ ሦስት ልጆች አሳደገች። የመጨረሻዎቹ ወራት ደመወዝ ተያዘባት። ስትጠይቅ «ወረቀትሽ ሐሰት ነው፣ ዕድሜሽም ሐሰት ነው፣ በሐሰት የመጣ ሰው ምንም አይገባውም» ተባለች። የሚያሳዝነው ይህን መስማቷ ብቻ አይደለም፤ ማመኗ ነው። «እውነታቸውን ነው፣ እኔም ዋሽቻለሁ፣ በምን አፌ ልጠይቅ?» ብላ ዝም አለች። ከኛም መካከል «ተይው፣ ባትነካኪው ይሻላል» ያሏት አሉ።

እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ዕድሜዋን የለወጠው እንደዚያ አሠልጣኝ ነው፤ መርፌው የሱ ነው። እሷ ላይ ያለው ጥፋት ካለም በልኩ ይታይ። ላቧ ግን ሐሰት አልነበረም። ሽማግሌውን ያነሳችው በወረቀት ላይ ባለው ክንድ አይደለም፣ በራሷ ክንድ ነው። ያን ቤት ስታጸዳ ማንንም ቀድማ ዋንጫ አልወሰደችም፤ ደመወዟ ቢከፈል የሚጎዳ ሁለተኛ የወጣ ሰው የለም። ታዲያ በምን ሕግ ነው የፈረስ ዋንጫ የሚሰረዝበት ምክንያት የሷን ደመወዝ የሚሰርዘው? እንዲያውም ወረቀቱን ምክንያት ያደረገው ሰው ሥራዋን ሲቀበል ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀቱ ትዝ አላለውም። ትዝ ያለው መክፈያው ሲደርስ ነው።

አንዳንዷ «እንግዲያው ማንም እየዋሸ ይምጣ ማለትሽ ነው?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። እኛ ፈረስ አይደለንም፤ አፍ አለን፣ ኅሊና አለን። ፈረስ አይጠየቅም፣ ሰው ግን አውቆ ለሠራው ይጠየቃል። ዛሬ አገር ቤት ያለች እህታችን «ዕድሜ ጨምሩልኝ» ብላ ልትመጣ ብትፈልግ አትምጪ ማለት አለብን፤ የውሸት ወረቀት መጀመሪያ የሚጎዳው የያዘችውን ነውና። የምለው ነገሩን እንለይ ነው። ጥፋት ለብቻው ይዳኝ፣ ላብ ለብቻው ይከፈል። ጥፋቷን አምና የምትቀጣ ሰው እንኳ ሠርታ ያገኘችው የሷ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስር ሰው ፍትሕ ፈልጎ ሳይሆን ሒሳብ ሊያመልጥ ፈልጎ ነው።

በዚህ ነገር የኛ አባቶች አንድ ደስ የሚል ልማድ ነበራቸው። በነሱ ዘመን ባለቤቱ ነው በፈረሱ ስም የሚጠራው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው ተፎክሮላቸዋል። ንጉሥ የሚያህል ሰው «የእንትን ፈረስ ጌታ» ተብሎ ሲጠራ ብቻዬን እዚህ አልደረስኩም ማለቱ ነው። እስከ ዛሬም አዊ ውስጥ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ፈረሱን አስጊጠው ነው የሚወጡት፤ ክብሩ የሁለቱም ነው። ታዲያ ያደግነው እንዲህ ባለ አገር ከሆነ፣ ሥራን ተቀብሎ ሠሪን መካድ ለኛም እንግዳ ሊሆንብን ይገባል። አገር ቤት ስንገባም ለምንቀጥራት ልጅ ይህንኑ እናስብላት።

እህቶቼ፣ ከማውራት አልፎ ልናደርግ የምንችለው ነገር አለ። የገባችሁበትን ቀን፣ የተከፈላችሁበትንና ያልተከፈላችሁበትን ወር በትንሽ ደብተር ጻፉ። የኢቃማችሁንና የውላችሁን ፎቶ ለምታምኗት እህት ላኩ። ደመወዛችሁ በባንክ የሚገባ ከሆነ መዝገቡን አትጣሉት፤ ላባችሁ የሚመሰክርበት ወረቀት እሱ ነው። ያቺን ልጅ ግን ብቻዋን አንተዋት። የሥራ ክርክር ወደሚታይበት ቢሮ ወይም ጅዳ ወዳለው ቆንስላችን ስትሄድ አብረናት እንድንሄድ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ፤ አንደኛዋ እኔ ነኝ፣ አንዲት ይቀራል። ዓርብ ቡና ላይ ንገሩኝ።

ማክሲመም ሴኪዩሪቲ ዋንጫው እንደተሰጠውም እንደተወሰደበትም አያውቅም። እሷ ግን ታውቃለች። ልዩነቱ እሱ ነው።

ፈጣሪ ድካማችንን ይቁጠርልን፣ ወደ ቤተሰቦቻችን በሰላም ይመልሰን።

እህታችሁ
ከጅዳ